አምስቱ ጄቶችና ሃምሳው ሎሚ

አበው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ። እነዚሁ አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ብለውም አስተምረውናል። ሁለቱም የኅብረትን ኃይል የሚያወድሱ በመሆናቸው በሠርግ ቤትም፣ በዕድር ጉባኤም፣ በፖለቲካ መድረክም አንዱ በሌላው ቦታ ሲጠቀስ እንሰማለን። እኔ ግን ሁለቱ ምሳሌዎች የሚናገሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ኅብረቶች ነው ባይ ነኝ። ድሩ ሲያብር ነጠላው ክር ለብቻው መታየቱ ያበቃል፤ የታሰረው አንበሳ ምን እንዳጠፋ ቆም ብሎ የሚጠይቅ ክርም አይኖርም። ሃምሳው ሎሚ ግን ከሃምሳው ሰው እጅ አይወጣም። እያንዳንዱ የራሱን ይሸከማል፣ የራሱን ያሸታል፣ ከፈለገም ሎሚውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ይኸው ነው። ሰው ከሌሎች ጋር አንድ በሚሆንበት ጊዜ ኅሊናው ወዴት ይሄዳል? ከኅብረቱ ጋር ይቀልጣል ወይስ በእጁ ይቀራል? ጥያቄው ከባድ ቢሆንም መነሻ የማደርገው ቀላል ነገር ነው፤ ይኸውም ቅርጹን እየለዋወጠ አንዴ ጄት፣ አንዴ ሮቦት የሚሆን የልጆች መጫወቻ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ነጭ ጋዎን ለብሶ የሚውል ሰው ስለ ፕላስቲክ ሮቦት መጻፉ የሚያስቀው አንባቢ ቢኖር አልቀየመውም። ነገር ግን አንድ ኅብረተሰብ ስለ ኃይል፣ ስለ ጠላትና ስለ አንድነት የሚያምነውን ከሕገ መንግሥቱ ይልቅ ለልጆቹ ከሚገዛው መጫወቻ ቶሎ ማንበብ ይቻላል።

መጫወቻው እጄ የገባው ልጆቹ አድገው ከቤት ከወጡለት አንድ ወዳጄ ነው። ለክርስትና ልጄ እንድሰጠው አስቦ በጫማ ካርቶን ጨምሮ ሲያቀብለኝ፣ «ዶክተር፣ እጅና እግሩ ተለያይቷል፤ ወጌሻ ፍለጋ ከምዞር ለአንተ ይሻላል ብዬ ነው» አለኝ። ለልጁ ከማድረሴ በፊት ሁለት ምሽት ቁጭ ብዬ ፈታሁት፣ ገጠምሁት። ከዚህ ቀጥሎ የምሰጠው አስተያየት በዚያ ላይ የተመሠረተ ነው።

«ትራንስፎርመርስ» የተባሉት መጫወቻዎች በአሜሪካው ሃዝብሮና በጃፓኑ ታካራ ኩባንያዎች ትብብር እ.ኤ.አ. በ1984 ለገበያ የቀረቡ ናቸው። «ኤሪያልቦትስ» የሚባሉት አምስቱ ጄቶች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 ተከተሉ። መሪያቸው ሲልቨርቦልት ሲሆን የተቀረጸው እንግሊዝና ፈረንሳይ በጋራ በሠሩት፣ ከድምፅ በሚፈጥነው የመንገደኞች አውሮፕላን፣ በኮንኮርድ አምሳል ነው። ኤር ሬይድ ኤፍ-15ን፣ ስካይዳይቭ ኤፍ-16ን፣ ፋየርፍላይት ኤፍ-4 ፋንተምን፣ ስሊንግሾት ደግሞ ያለ መንደርደሪያ ቀጥ ብሎ የሚነሣውን ሃሪየርን ይመስላሉ። እያንዳንዱ ለብቻው ጄት ነው፤ ሲታጠፍና ሲዞር በሁለት እግሩ የሚቆም ሮቦት ይሆናል። አምስቱ ሲገጣጠሙ ደግሞ ሱፐሪዮን የተባለ አንድ ግዙፍ ሮቦት ይወጣል። ኮንኮርዱ ደረትና ወገብ፣ አራቱ ተዋጊዎች እጅና እግር ይሆናሉ።

እንደ ዕቃ ስመዝነው ብልሃቱ የሚደነቅ ነው። አራቱ ተዋጊዎች አንድ ዓይነት መሰኪያ ስላላቸው የትኛውም በየትኛውም ቦታ ይገባል፤ ትናንት ቀኝ እጅ የነበረው ዛሬ ግራ እግር ሊሆን ይችላል። ልጅን ጥቂት ሳይሆን ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጥ፣ ጣትንና አእምሮን አብሮ የሚያሠራ ሥራ ነው። ጉድለትም አለው። መጋጠሚያዎቹ በዕድሜ ብዛት ስለሚላሉ ግዙፉ ሮቦት ጠረጴዛው በተነቃነቀ ቁጥር ይንገዳገዳል። ትንንሾቹ ጠመንጃዎች በቀላሉ ይጠፋሉ፤ ሕፃን ባለበት ቤት ደግሞ ከመጥፋታቸው ይልቅ ወደ ሕፃኑ አየር ቧንቧ መግባታቸው ያሳስባል። ስለዚህ ታናናሾቹ ነገርን ሁሉ ወደ አፍ የሚያስገቡበት ዕድሜ እስኪያልፍ ድረስ ቁርጥራጮቹ ከፍ ባለ ቦታ ይቀመጡ። የሐኪሙ ምክር እዚህ ላይ ያበቃል።

በሁለቱ ምሽቶች ሦስት ነገሮች አስተዋልሁ። አንደኛው ስለ ፊት ነው። እያንዳንዱ ሮቦት የራሱ ፊት አለው። ሲገጣጠሙ ግን የአምስቱ ፊት ይሰወርና ከላይ አንድ አዲስ ራስ ብቻ ይታያል። ሁለተኛው ስለ እጅ ነው። የግዙፉ ቡጢዎች ከአምስቱ ጄቶች የአንዱም አካል አይደሉም፤ ለብቻቸው ተሠርተው የመጡ፣ በመጨረሻ የሚሰኩ ቁርጥራጮች ናቸው። የሚመታው እጅ የማን ነው ቢባል ከአምስቱ መካከል «የእኔ ነው» የሚል አይገኝም።

ሦስተኛው ስለ ሐሳብ ነው። አምራቹ ለእያንዳንዱ ሮቦት ጠባይ ጽፎለታል። ኤር ሬይድ ድፍረቱ ከልክ ያለፈ ነው። ስካይዳይቭ የአየር ውጊያን ታሪክ የሚያጠና ትጉህ ነው። ስሊንግሾት ጉረኛ ነው፤ ከጉራው በታች የበታችነት ስሜት ተደብቋል። ፋየርፍላይት በሰማይ እየበረረ ከታች ባለው ነገር ስለሚማረክ ሐሳቡ ይሰረቃል፤ በዚህም ለጓደኞቹ አደጋ ይሆናል። ከሁሉ የሚገርመው መሪው ሲልቨርቦልት ከፍታ የሚፈራ መሆኑ ነው። አለቃው መሪነቱን የሰጠውም የኃላፊነቱ ክብደት ፍርሃቱን ያስረሳዋል ብሎ ነው። ታዲያ እነዚህ አምስት ጠባዮች በሱፐሪዮን ውስጥ ምን ይሆናሉ? የአምራቹ ጽሑፍ መልሱን አይሸሽግም። ግዙፉ የአምስቱን ሐሳብ ያፍናል፤ የሚተወው ሁሉም የሚጋሩትን አንዱን ሐሳብ ብቻ ነው። እርሱም ጠላትን ማጥፋት ነው።

ይህ ለልጆች የተጻፈ ነው። ሆኖም ስለ ኅብረት ባነበብኋቸው ብዙ ገጾች ውስጥ ነገሩ እንዲህ ሳይሸፋፈን ሲነገር እምብዛም አላየሁም። አምስት ሰዎች አንድ ላይ ሲቆሙ በጋራ የሚይዙት ነገር ከእያንዳንዳቸው ሀብት ያነሰ ሊሆን ይችላል። የሚወዱት ይለያያል፣ የሚያስታውሱት ይለያያል፣ የሚፈሩት ይለያያል። ያለ ብዙ ድካም የሚገጥመው የሚጠሉት ነው። ስለዚህም ነው ብዙ ማኅበር በጠላት ስም ተሰብስቦ፣ ጠላቱ በራቀ ማግስት እርስ በርሱ የሚያወራው የሚያጣው።

ሰባኪዎችና ፖለቲከኞች ኅብረትን ሲያስረዱ ከጥንት ጀምሮ ምሳሌ የሚዋሱት ከእኔ ሙያ ነው፤ ከሰው አካል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ494 የሮም ተራ ሕዝብ ከተማውን ጥሎ በወጣ ጊዜ ሜኔኒዮስ አግሪጳ የተባለ ሰው፣ ብልቶች በሆድ ላይ ስላመፁበት ጊዜ ተረት ነግሮ መለሳቸው ይባላል። ቅዱስ ጳውሎስም በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 12 ስለ አንዱ አካልና ስለ ብዙዎቹ ብልቶች አስተምሯል። በእኛም ዘመን አንድ ጊዜ አገር፣ አንድ ጊዜ ብሔር፣ አንድ ጊዜ ድርጅት አካል እየሆነ፣ ሰው ብልት ሲባል ኖሯል።

ሐኪም እንደ መሆኔ ግን በዚህ ምሳሌ ላይ ቅሬታ አለኝ። ከአካል የተቆረጠ እጅ ይሞታል። ቀዝቅዞ ተይዞ በሰዓታት ውስጥ ካልተሰፋ በቀር በራሱ ሕይወት የለውም። ሰው ግን ከማኅበሩ ቢለይ ሰው ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሰውን ብልት ነው ያለ ሁሉ፣ ይወቀውም አይወቀው፣ የተለየውን ሰው አስቀድሞ እንደ ሞተ ሥጋ ቆጥሮታል። የታመመው ጣት ለአካሉ ደኅንነት ሲባል ይቆረጥ የሚለው ፍርድ ከዚያ በኋላ ሩቅ መንገድ አይደለም። በግንቦት 1981 ዓ.ም. የተሞከረው የመንግሥት ግልበጣ ከከሸፈ ከአንድ ዓመት በኋላ 12 ጄኔራሎች የተረሸኑባት አገር ልጆች ይህን ፍርድ ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገንም።

ከጳውሎስ ትምህርት ደግሞ ምሳሌውን የሚዋሱት ሰዎች ዘወትር የሚዘሉት አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም አንዱ ብልት ሲሠቃይ ሌሎቹ አብረው እንደሚሠቃዩ ነው። ሕክምናም ይህንኑ ይመሰክራል። የአካል አንድነት ከጡንቻው ብርታት አስቀድሞ በሕመሙ ይታወቃል። የሥጋ ደዌ ሰውን ጣት የሚያሳጣው በአብዛኛው ስሜት የሚያደርሰውን ነርቭ በመግደሉ ነው፤ ሕመም የማይሰማው እጅ የፈላ ድስት ይጨብጣል፣ ቁስሉንም ሳያውቅ ይሠራበታል። በየጊዜው የማየው የስኳር ሕመምተኛ እግርም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ጫማ ውስጥ የገባች ጠጠር ሳትሰማ ትውላለች፤ ነገሩ የሚታወቀው ቁስሉ መሽተት ሲጀምር ነው። ሱፐሪዮንም እንዲህ ያለ አካል ነው። ኃይል አለው፣ ነርቭ የለውም።

ነገሩ በመጫወቻ ብቻ የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍሁት ነበር። እኔና ይህን መጫወቻ የሰጠኝ ወዳጄ የምንውልበት ፒዮሪያ ስትሪት በአውሮራና በዴንቨር ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚያልፍ ጎዳና ነው። በስተምዕራብ የነበረው የስቴፕልተን አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ1995 ተዘግቷል። ከአውሮራው የበክሊ ጦር ሰፈር ግን የኮሎራዶ ብሔራዊ የአየር ዘብ ኤፍ-16 ጄቶች ዛሬም ይነሣሉ፤ ስካይዳይቭ የተቀረጸባቸው እነዚያው ናቸው። ድምፃቸው ሲያስገመግም እዚህ የተወለደው ልጅ ለማየት ወደ መስኮት ይሮጣል። ከአገር ቤት የመጡት አያቱ ግን ከመስኮቱ ይርቃሉ።

በዚሁ ጎዳና ዳር ያለው ትልቅ የሕክምና ግቢ ቀድሞ ፊትዝሲሞንስ የተባለ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ነበር። ስሙን ያገኘው ዊሊያም ፊትዝሲሞንስ ከተባለ ወጣት የጦር ሐኪም ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1917 በፈረንሳይ አገር፣ በሚያገለግልበት ሆስፒታል ላይ የጀርመን አውሮፕላን በጣለው ቦምብ ተገደለ። የእኛም ታሪክ ይህን ያውቀዋል። በኅዳር 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ቀይ መስቀል የተሳለበትን ሆስፒታል መቱ፤ በታኅሣሥም መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀልን የሕክምና ድንኳኖች ደበደቡ። በዚያ ጦርነት ከበረሩት አንዱ የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ ነበር፤ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍም የቦምብ ድብደባውን እንደ መዝናኛ ተርኮታል። ልጅ መጫወቻውን እንደ እውነት ያያል፤ ይህ ሰው ግን እውነቱን እንደ መጫወቻ አየ።

ጠላት ሲያደርገው ለመኮነን ቀላል ነው። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. የሐውዜን ገበያ የተደበደበው ግን በኢትዮጵያ አየር ኃይል ጄቶች ነው። በዚያን ጊዜ በሶቪየት ኅብረት የሕክምና ተማሪ ነበርሁ፤ አገሪቱ ታበርራቸው የነበሩት ሚጎችም የዚያው አገር ሥራ ነበሩ። ሚግ የሚለው ስም ሚኮያንና ጉሬቪች ከተባሉ ሁለት ሰዎች ስም የተገጣጠመ መሆኑን የተማርሁት እዚያ ነው። ልክ በ33ኛው ዓመት፣ ሰኔ 15 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በተምቤን የቶጎጋ ገበያ ከአየር ተመታ። የጤና ባለሙያዎች ከ60 የሚበልጡ ሰዎች መሞታቸውን ተናገሩ፤ የጦሩ ቃል አቀባይ የተመቱት ታጣቂዎች ናቸው አሉ። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በፍኖተ ሰላም ከተማ በደረሰው የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸው ከሆስፒታል ተሰማ።

እንዲህ ያለ ዜና በመጣ ቁጥር በፒዮሪያ ዳር፣ ቡና ላይ፣ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች መካከል ፈጥኖ የሚመጣው «የማን ሰው ነው የሞተው?» የሚለው ነው። መልሱ እስኪታወቅ ፊቶች ሁሉ ይጠብቃሉ። ከታወቀ በኋላ ግማሹ ያለቅሳል፣ ግማሹ ማስረጃ ይጠይቃል። ለቶጎጋ ያለቀሰው ለማይካድራ ማስረጃ ጠያቂ ይሆናል፤ ለማይካድራ ያለቀሰው ለቶጎጋ። በሙያዬ የማውቀው ይህን መልክ ነው። እግሩ ሲቆስል የማይሰማው ሕመምተኛ ሁለቱ እግሮች የእርሱ መሆናቸውን በአንደበቱ አይክድም። ነርቩ ግን ክዷል።

አሁን ወደ አምራቹ ጽሑፍ መለስ እንበልና፣ በሐውዜን ሰማይ ላይ በነበረው የአብራሪ ወንበር ከአምስቱ አንዱን አስቀምጥ ብባል ማንን እመርጣለሁ? ደፋሩን አልመርጥም፤ ድፍረት የሚያስፈልገው የሚመልስ ጠላት ባለበት ነው፣ ገበያ አይተኩስም። የውጊያ ታሪክ አዋቂውንም አልመርጥም። የምመርጠው ከፍታ የሚፈራውን ወይም ከታች ባለው ነገር ሐሳቡ የሚሰረቀውን ነው። ፋየርፍላይት ወደ ታች ያያል። ጃንጥላ የያዘች ሴት፣ የታሰረ አህያ፣ በጨርቅ ላይ የተዘረጋ በርበሬ ያያል። በአምራቹ ዘንድ ጉድለት ተብሎ የተመዘገበው ይህ ዐመል ነው። ሱፐሪዮን ሲሠራ አስቀድሞ የሚታፈነውም ይኸው ነው።

«ዶክተር፣ ነገሩ እንዲህ ከሆነ አገርን ማን ይጠብቃል?» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በኦጋዴን ሲገሰግስ፣ በኤፍ-5 ጄቶች ሰማዩን የያዙት ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች እያንዳንዳቸው በየሐሳባቸው ቢበታተኑ ኖሮ የምሥራቁ ጦርነት መልክ ሌላ በሆነ ነበር። ቀዶ ሕክምናም ቢሆን በኅብረት የሚሠራ ነው፤ ቢላዋ የያዘው ሰው ትእዛዝ ሲሰጥ ጉባኤ አይጠራም። ኅብረት ተግሣጽ ይፈልጋል፤ ይህን አልክድም። ይሁን እንጂ በመልካም የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ታናሽዋ ነርስ «ቁም፣ አንድ ጨርቅ ጎድሏል» ብትል ሁሉም ይቆማል። ታዛዥነቷ አፏን አልዘጋውም። ድሩና ሎሚው የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

እንዲህ ያለው ኅብረት ሕልም እንዳልሆነ የሚያሳይ ምስክር ከዚያው ከሰማያችን አለ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን የጭነት አውሮፕላኖች በየተራራው እህል ሲጥሉ፣ ከወዲያኛው የጦር ጎራ የመጡ የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች በዚያው ሥራ ላይ አብረዋቸው ነበሩ። ማንም ባንዲራውን አላወረደም፣ ማንም የሌላው እጅ አልሆነም። ሁሉም ግን ወደ ታች ያይ ነበር፤ እህል የሚጥል ሰው ከታች ያለውን ማየት ግዴታው ነውና።

ሌላው ምስክር ዕድራችን ነው። ዕድር ደንብ አለው፣ መዋጮ አለው፣ ቀሪውን ይቀጣል። ሆኖም አባል ሲገባ ፊቱን በር ላይ አስቀምጦ አይገባም። የወጣም እንደ ተቆረጠ ጣት አይቆጠርም። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ በባዕድ አገርም አስከሬኑን ወደ አገር ቤት ለመላክ ገንዘብ ይሰበሰባል። የዕድር ብርታት የሚመነጨው ሁሉም በጋራ ከሚያዝኑት ነው፤ ጠላት ባይኖረውም አይፈርስም። ባለፉት የጦርነት ዓመታት ዕድርን በዘር መክፈል የተጀመረባቸው ከተሞች የጠፋባቸውን ነገር በገንዘብ ሊያሰሉት አይችሉም።

ወደ ፍርዱ እንምጣ። መጫወቻው ይገዛ ወይስ አይገዛ? ይገዛ እላለሁ። ተረቱ ከሚለው ይልቅ ዕቃው ራሱ ጥበበኛ ነው። ከሰው አካል በተለየ ይህ ግዙፍ ይፈታል፤ ሲፈታም አምስቱ ጄቶች ሙሉ ሆነው ይወጣሉ። ልጅ በዚህ መጫወቻ ሲጫወት ከጊዜው እኩሌታውን የሚያጠፋው በመፍታት ነው፤ መፍታትን እንደ ክህደት አይቆጥረውም። እጅ የነበረው እንደገና ፊት ያወጣል። ይህን በጣቶቹ የተማረ ልጅ፣ ነገ ትልቅ ሰው ሆኖ አንድ ግዙፍ ነገር «ና፣ እጄ ሁን» ሲለው፣ እጅ ከመሆኑ በፊት ራስ እንደነበረው ያስታውስ ይሆናል።

ለትልልቆቹ ግን መጫወቻ አይበቃንም። ሰኔ 15 በየዓመቱ ይመጣል። በዚያ ቀን በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየዕድሩ የሐውዜንን፣ የቶጎጋን፣ የማይካድራንና የፍኖተ ሰላምን ሙታን በአንድ ዝርዝር፣ በአንድ ድምፅ የሚጠራ አንድ ማኅበር በዚህ ጎዳና ላይ ቢገኝ አባል ለመሆን ዝግጁ ነኝ። መጀመሪያ ላይ የምንመጣው አምስት ብንሆንም አምስት ሎሚ ነው።